የካቴና ወጣሪው ከተነካ ወዲህ ሞተሬ ያፏጫል

ጥያቄ (ሐዋሳ)
ሰላም ለሁላችሁ። ያለኝ አሮጌ ሱዙኪ ጂኤን 125 ሞተር ሳይክል ነው። ጠዋት ሲነሳና ጋዝ ስለቅ፣ ጠጠር የተጨመረበት ጣሳ የሚናጥ ይመስል ነበር። የወሰድኩበት ባለሙያ የካምሻፍት ካቴናውን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት የሚያዞረውን የሞተር ውስጥ ሰንሰለት) ወጣሪ ሁለት ቡሎኖች ላላ አድርጎ ወዲያው መልሶ አጠበቃቸው፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። መንኳኳቱ ጠፋ፣ በምትኩ ጋዝ በጨመርኩ ቁጥር እየቀጠነ የሚሄድ ፉጨት መጣ። ልንዳው ወይስ ልፍታው?

መልስ (አዳማ፣ መካኒክ)
ወንድሜ፣ አትንዳው። ይህ ወጣሪ ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ነው። ዘንጉ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፤ ሞላው ወደ ፊት ይገፋዋል፣ መያዣው ወደ ኋላ አያስመልሰውም። ቡሎኖቹ ላላ ሲሉ ዘንጉ አንድ ሁለት ጥርስ ይወጣል፤ ሲጠብቁ መግባት ስለማይችል ካቴናውን ከልክ በላይ ይወጥረዋል። የዚህ ዓይነቱ ወጣሪ አንዴ ከላላ ተፈትቶ ዘንጉ ወደ ውስጥ ሳይመለስ አይታሰርም።

ካንዴላውን አውጣና በግራ በኩል ሆነህ ሞተሩን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ አዙረው፤ የቲ ምልክት (በግራ በኩል ባለው ኤሌክትሪክ አመንጪ፣ በማግኔቶው ላይ የተጻፈው T) ሲገጥምና ሁለቱም ቫልቮች ልል ሲሆኑ አቁም። መጀመሪያ የመሐሉን ቡሎንና ሞላውን አውጣ፣ ከዚያ ሁለቱን ማሰሪያዎች። ወጣሪው በእጅህ እያለ ሞተሩን ፈጽሞ እንዳታዞር፤ ካቴናው ጥርስ ይዘላል። መያዣውን ተጭነህ ዘንጉን እስከ መጨረሻው አስገባ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ መሐል የሚገባ ስስ ማሸጊያ) አድርገህ እሰረው፣ ሞላውን በመጨረሻ አስገባ። ጠቅ ጠቅ ሲል ትሰማዋለህ። ከዚያ በእጅህ ሁለት ሙሉ ዙር አዙርና ምልክቶቹ መግጠማቸውን እይ።

መልስ (ባሕር ዳር)
ከመፍታትህ በፊት ዘይቱን አፍስስ። የካቴና መምሪያው (ካቴናው ተደግፎ የሚንሸራተትበት) ከተበላ ጥቁር ፍርፋሪ ታገኛለህ። በተረፈ የቫልቭ ድምፅና የካቴና ድምፅ ይምታታል፤ ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ አድርገህ አዳምጥ።

መልስ (ደሴ)
እኔ ሞላውን ጥዬ ረጅም ቡሎን ከዳዶ ጋር አስገባሁበት። በእጄ እወጥራለሁ፣ ተገላገልኩ።

መልስ (አዳማ፣ መካኒክ)
ለደሴው ወንድሜ፦ በእጅ የሚወጠር የተገላገለ አይደለም፣ ሥራ የጨመረ ነው። በየጊዜው ካላስተካከልከው ይላላል፣ ካበዛኸው ደግሞ የሐዋሳው ወንድማችን ፉጨት ይመጣብሃል።

ጠያቂው፣ ከሦስት ቀን በኋላ
ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ፣ ፉጨቱ ጠፋ። መንኳኳቱ ግን ተመለሰ። ዘንጉ ወጥቶ ወጥቶ የቀረው ሁለት ጥርስ ብቻ ነው። ዘይቱ ውስጥም የጥፍሬን ግማሽ የሚያህል ጥቁር ቁራጭ አገኘሁ።

መልስ (አዳማ፣ መካኒክ)
እንግዲህ ወጣሪው ጥፋተኛ አይደለም፤ ካቴናው ተለጥጧል፣ መምሪያውም ተሰብሯል። ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይር፣ ካቴናውን የሚይዘው የካምሻፍቱ ጥርስ ሾሎ ከሆነ እርሱንም። ማግኔቶው መውለቅ ስላለበት መንቀያውን ተዋስ፣ በመዶሻ እንዳትሞክረው። የዘይት ማጥለያውንም ሳታጸዳ አትግጠም፤ የቀረው ቁራጭ የት እንዳለ አናውቅም።