ጥሬ ወተት መሸጥ ይከልከል? ጉልበቴ ያስነሳው ክርክር

የሰፈሩ ልጅ፦ ሦስት ወር ሙሉ ወገቤንና ጉልበቴን ሲቆረጥመኝ ከረመ። ማታ ትኩሳት፣ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ። እናቴ «ብርድ ነው» አለች። ጎረቤት «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተው» አለኝ። ክሊኒክ ሄጄ ታይፎይድ ተብዬ መድኃኒት ዋጥኩ። ለውጥ የለም። በኋላ አንድ ሐኪም «ወተት ስትጠጣ ታፈላዋለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ተመረመርኩ፣ ብሩሴሎሲስ ነው፤ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ። ከባለላም በጀሪካን የምንገዛው ወተት ጉድ ሠራኝ። እና አቋሜ ይኸው፤ ጥሬ ወተት መሸጥ በሕግ ይከልከል!

ጡረተኛው፦ አያቴ ትኩሱን እንደታለበ እየጠጣች ዘጠና ዓመት ኖረች። ያኔ በሽታው የት ሄዶ ነበር?

ነርሷ፦ ጋሼ፣ በሽታውማ ነበረ። «ቁርጥማት» እያልን አብረነው ኖርን እንጂ። እንግሊዞችም ማልታ ደሴት ላይ ወታደሮቻቸው በዚሁ በሽታ ትኩሳት ሲማቅቁ ግራ ገብቷቸው ነበር። ዴቪድ ብሩስ የሚባል የጦር ሐኪም ተህዋሱን በ1887 እ.ኤ.አ. አገኘው። ከፍየል ወተት እንደሚመጣ ግን በ1905 ነው የታወቀው፤ ያውም ዛሚት በሚባል የማልታ ሐኪም። በመሃል 18 ዓመት ሙሉ ወተቱን ሲጠጡት ነበር! ተህዋሱ በሽታ መከላከያ ሴሎቻችን ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። ዳሌ፣ አከርካሪና ጉልበት ላይ ይበረታል። ለዚህ ነው ሁለት ዓይነት መድኃኒት ቢያንስ ለስድስት ሳምንት የሚወሰደው። ደግሞ ጉልበቱን ያመመው ሁሉ ይሄ አለበት ማለት አይደለም፣ እንዳትደነግጡ።

ባለላሟ፦ እኔ ልጆቼን የማስተምረው በሁለት ላም ነው። ከለከላችሁኝ እንበል። ወተት የሚያፈላውን ማሽን ማን ሊገዛልኝ ነው? ጥሬ ሸጥኩ እንጂ ጥሬ ጠጡ አላልኩም።

የሰፈሩ ልጅ፦ እትዬ፣ እርስዎን ለመንካት አይደለም። ግን ገዢው በምን ያውቃል?

ባለላሟ፦ ይነገረው! እኔም እነግረዋለሁ። ማፍላት እሳት እንጂ ሕግ አይፈልግም።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ሁላችሁም ወተቱ ላይ ተጣዳችሁ። ላም ስትጨነግፍ የእንግዴ ልጁን በባዶ እጁ የሚጎትተው ሰውዬስ? ወተት ባይቀምስም ይይዘዋል። የጨነገፈውንም ሜዳ ላይ ይጥለዋል፣ ውሻ ይዞት ይዞራል። ሽያጭ ብትከለክሉ ይሄን አታቆሙትም። ገንዘብ ካለ ጥጆቹን መከተብ ይሻላል።

የአፋሩ፦ እኛ ጋ የግመል ወተት አፍልተህ ለእንግዳ ብታቀርብ ቅር ይለዋል። ክልከላው አዲስ አበባ ላይ ይሠራ ይሆናል። በረሃ ላይ ማን ቆሞ ሊጠብቅ ነው?

ነርሷ፦ እውነት ነው። ግን የአገሬው ሰው ራሱ ቢነግራቸው ይሰማሉ።

የሰፈሩ ልጅ፦ እሺ፣ ክልከላው ላይ ለዘብ ብያለሁ። ሻጭ ግን «ሳይፈላ አይጠጣም» ብሎ የመናገር ግዴታ ይኑርበት። እናቴ አሁን ወተቱን ታፈላለች። እርጎን ግን «ረግቷል፣ ምን ይሆናል» ትላለች።

ነርሷ፦ መርጋቱ ብቻ ዋስትና አይሆንም። መጀመሪያ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ ታርጋው።

ጡረተኛው፦ ለጋ ቅቤስ?

ነርሷ፦ ጋሼ... እሱም ከጥሬ ወተት ነው። ይነጠር።

ጡረተኛው፦ በሉ ደህና እደሩ። ቅቤዬን አትንኩብኝ።