ኮሮላ አውቶማቲክ፦ ፒ ላይ አይነሳም፣ ኤን ላይ ይነሳል

ሰላም ባለሙያዎች። መኪናው የ2006 ቶዮታ ኮሮላ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ፒ (ፓርክ፣ የማቆሚያው ማርሽ) ላይ ሆኖ ቁልፍ ሲዞር ዳሽቦርዱ ይበራል፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ግን ዝም ነው፤ አንዳንዴ «ጠቅ» ብሎ ይተወዋል። ኤን (ኒውትራል) ላይ ሲሆን ወዲያው ይነሳል። ሰሞኑን ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ የፒ ምልክት ብልጭ ድርግም ማለት ጀምሯል።

ባትሪው 12.6 ቮልት ነው። ኤን ላይ ያለ ችግር ስለሚነሳ እሱንም ሞተሪኖውንም አልጠረጥርም። ወደ ሞተሪኖው የምትገባው ቀጭን ሽቦ ቁልፉ ስታርት ላይ ተይዞ ስትለካ ኤን ላይ 11 ቮልት ገደማ፣ ፒ ላይ ግን አንዴ ዜሮ አንዴ 6 ታሳያለች። ካምቢዮው ላይ ያለውን፣ ፒ ወይም ኤን ላይ ብቻ እንዲነሳ የሚፈቅደውን የማርሽ ስዊች ሶኬቱን ነቅዬ በኦም ስለካው የማስነሻው መስመር ኤን ላይ 0.4፣ ፒ ላይ ከ30 በላይ ነው፣ ያውም እየዘለለ። የማርሹን ኬብል ከጥርጣሬ ለማውጣት ከካምቢዮው ክንድ ፈትቼ ክንዱን በእጄ እስከ ፒ ገፋሁት፤ ንባቡ ያው ነው። ስዊቹ ላይ ያለው ጭረትና የዘንጉ ቦይም ኤን ላይ ገጥመዋል።

እንግዲህ የፒ ኮንታክት ተበልቷል፣ ወይም ውሃ ገብቶበታል ባይ ነኝ (ላቫጆ ቤቶች ሞተር በፕሬዠር ሲያጥቡ አይምሩም)። ሽቦዎቹን አገናኝተህ ንዳ የሚል ምክር አልፈልግም፤ መኪናው ዲ (የመንጃው ማርሽ) ላይ እያለ ሊነሳና ሰው ሊገጭ ይችላል። ጥያቄዬ፦ ይህ ስዊች ተከፍቶ ቢጸዳ ይበረክታል? ያገለገለ ከገዛሁስ፣ ከመግጠሜ በፊት በየማርሹ ከመለካት ሌላ ምን ልይ?