ከሾፒፋይ ወደ ውኮመርስ ስሸጋገር ዕቃዬ ሁሉ ተምታታብኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ነጠላ ከማርቆስ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው። ከእናቴ ጋር ጋቢ፣ ነጠላ፣ ቡልኮና የሐበሻ ቀሚስ እያሠራን እንሸጣለን። ትንሽ ማርም አለን።

በኢንተርኔት የምንሸጥበት ሱቅ እስካሁን ሾፒፋይ ላይ ነበር። ክፍያው በዶላር ስለሆነ በየወሩ የሚከፍልልኝ ውጭ ያለ የአክስቴ ልጅ ነው። እሱ ባይሰለች እኔ ሰለቸኝ። ደግሞ አሁን የአገር ውስጥ ገዢ በዝቷል፤ «በቴሌብር ልክፈል» ነው የሚለው። ስለዚህ ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ቦታ) ገዝቼ ዎርድፕረስንና በእሱ ላይ ሱቅ የሚሠራውን ውኮመርስን ጫንኩ።

ዕቃው 140 ገደማ ነው። ከሾፒፋይ በሲኤስቪ (በተራ የሰንጠረዥ ፋይል) አወጣሁት። መጀመሪያ በኤክሴል ስከፍተው አማርኛው በሙሉ ጭረትና ነጥብ የበዛበት የፈረንጅ ፊደል ሆኖ አገኘሁት። ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ጎግል ሺትስ ላይ ስከፍተው ግን ደህና ሆነ፤ ይሄ አልፏል። ከዚያ በውኮመርስ አምዶች ልክ አድርጌ ገለበጥኩትና አስገባሁት። አሁን የቸገረኝ ይሄ ነው።

የጋቢው ገጽ «ዕቃው የለም» ይላል፤ መጠን የሚመረጥበት ሳጥንም የለውም። ሌላው ደግሞ ስናስገባ በመሃል መብራት ሄደ። ሲመጣ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አስገባሁት። አሁን 60 ምናምን ዕቃ ሁለት ሁለት ሆኗል። ከዚህ ሁሉ የገረመኝ ግን ስማቸው በእንግሊዝኛ «ፕሮዳክት» ብቻ የሆነ፣ ፎቶ እንጂ ዋጋ የሌላቸው ብዙ ዕቃዎች ገብተዋል። ከየት እንደመጡ አላውቅም።

መጨረሻ ላይ «ይሄን ያህል ረድፍ አልገባም» የሚል ዝርዝር መጥቶ ነበር። ተናድጄ ሳላነበው ዘጋሁት።

አንዱን ረድፍ እንዳለ ልገልብጥላችሁ፦

ዓይነት፦ ቫሪያብል (በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የጻፍኩት)። ኤስኬዩ፦ ባዶ። ስም፦ የማርቆስ ጋቢ ባለ አራት ድርብ። መጠን፦ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። ዋጋ፦ 60። ክብደት፦ 1500።

ምን ላድርግ? ሁሉንም አጥፍቼ በእጄ አንድ በአንድ ልጻፈው?


ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦

አይዞሽ እህቴ፣ የጠፋ ነገር የለም። ሾፒፋዩን ብቻ እንዳትዘጊው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ፎቶ ሳይሆን የፎቶው አድራሻ ነው። ውኮመርስ በዚያ አድራሻ ሄዶ ነው ፎቶውን የሚያወርደው። ሱቁ ቀድሞ ከተዘጋ ፎቶሽን ከየት ያምጣው?

የነገሩ ሥር ያቺ ባዶ ኤስኬዩ ናት። ኤስኬዩ ማለት አንቺው ለዕቃሽ የምታወጪለት መለያ ነው። ውኮመርስ ዕቃን በስሙ አይለይም። «የማርቆስ ጋቢ»ን አሥር ጊዜ ብታስገቢው አሥር ጋቢ ይፈጥርልሻል፤ የተደራረበብሽም በዚህ ነው። ኤስኬዩ ያለው ዕቃ ሲመጣ ግን «ይሄማ አለኝ» ብሎ ያልፈዋል። ፋይሉን በምትመርጪበት ገጽ ላይ ደግሞ ያሉትን ዕቃዎች እንዲያድስ የምታዢበት ሳጥን አለ። እሱን ምልክት ካደረግሽበት ያለውን ፈልጎ ያስተካክላል። ያኔ ግን አዲስ ዕቃ አያስገባም፣ ይሄን አትርሺ።

መጠኖቹም የቀሩት በዚሁ ሰበብ ነው። ጋቢውን እንደ እናት፣ መጠኖቹን እንደ ልጆች አስቢያቸው። እናትየው አንድ ረድፍ አላት፤ ዓይነቷ ቫሪያብል ነው። እያንዳንዱ መጠን የራሱ ረድፍ አለው፤ ዓይነቱ ቫሪዬሽን ነው። የልጁ ረድፍ «ፓረንት» በሚለው አምድ ላይ የእናቱን ኤስኬዩ መጥራት አለበት። እንዲህ፦

እናት፦ ጋቢ01
ትንሹ፦ ጋቢ01-ት፣ ፓረንቱ ጋቢ01
መካከለኛው፦ ጋቢ01-መ፣ ፓረንቱ ጋቢ01
ትልቁ፦ ጋቢ01-ል፣ ፓረንቱ ጋቢ01

ዋጋ የሚጻፈው ልጆቹ ላይ ነው። እናቱን ያልጠራ ልጅ አይገባም። ሳታነቢው የዘጋሽው ዝርዝር ይሄንኑ ሳይልሽ አልቀረም። በነገራችን ላይ መለያውን ከዜሮ አትጀምሪው፤ ሰንጠረዡ እንደ ቁጥር ይቆጥረውና ዜሮዋን ይበላታል።

«ፕሮዳክት» የሚሉት ስም የለሾች ደግሞ ተጨማሪ ፎቶዎችሽ ናቸው። ሾፒፋይ አንድ ዕቃ አራት ፎቶ ካለው፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ለእያንዳንዱ አዲስ ረድፍ ይሰጠዋል። በዚያ ረድፍ ላይ ስም የለም፤ የዕቃው መጠሪያና የፎቶው አድራሻ ብቻ ነው ያለው። ውኮመርስ ግን ፎቶዎቹን በሙሉ በአንድ ሕዋስ (የሰንጠረዥ ሳጥን)፣ በኮማ ተለያይተው ነው የሚፈልገው። የመጀመሪያው ዋናው ፎቶ ይሆናል። ጎግል ሺትስ ላይ «ቴክስትጆይን» የሚባል ቀመር አለ፤ አድራሻዎቹን እሱ ይቀጥልልሻል። ከዚያ ፎቶ ብቻ ያላቸውን ረድፎች ሰርዣቸው።


አያ ቀርከሃ (እንጅባራ)፦

ልጄ፣ የጻፍሽውን ረድፍ መነጽሬን አድርጌ አየሁት። በመጠኖቹ መካከል ያደረግሽው ነጠላ ሰረዝ የኛው ነው፤ «፣» ነው። ውኮመርስ የሚያውቀው የፈረንጁን ኮማ ብቻ ነው። ስለዚህ «ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ» ለእሱ ሦስት መጠን አይደለም። አንድ ረጅም ቃል ነው።

እኔ የቀርከሃ ወንበርና ጠረጴዛ ነው የምሸጠው። በዚህች ሰረዝ ሦስት ሌሊት አድሬያለሁ። ልጄ ነው በመጨረሻ ያየልኝ። በአማርኛ ኪቦርድ ስትጽፊ እጅሽ ሳያውቀው የኛዋን ይመታል። ፈልጎ በሚተካው ትእዛዝ በመጠኑ፣ በቀለሙና በምድቡ አምድ ላይ ብቻ ቀይሪው። የዕቃው መግለጫ ላይ ግን አትንኪው፤ እዚያ አማርኛው በወጉ ይጻፍ።


የቡሬው (ቡሬ፣ በርበሬ ሻጭ)፦

ጋቢ በ60 ብር ካለሽ ሃያውን ለእኔ አስቀምጪልኝ!

ሲኤስቪ ገንዘቡ የየት አገር እንደሆነ አያውቅም። 60 ካለ 60 ነው። ሾፒፋይ ላይ 60 ዶላር የነበረው አሁን በ60 ብር ቆሞ ይጠብቅሻል። ሱቁን ለሰው ከማሳየትሽ በፊት አስተካክዪው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሆነ፣ እኔ የዶላሩን ዋጋ በአንድ አምድ እተወዋለሁ። ምንዛሪውን በአንድ ሕዋስ እጽፋለሁ። የብሩን አምድ ቀመሩ ያወጣልኛል። ምንዛሪ ሲለወጥ ያቺን አንዲት ቁጥር ቀይሬ፣ «አድስ» ብዬ አስገባዋለሁ። ይሄም የሚሆነው ኤስኬዩ ሲኖር ነው።

ክብደቱንም ተመልከቺ። ሾፒፋይ የሚያወጣው በግራም ነው። ውኮመርስ የሚያነበው ሴቲንግ ላይ በመረጥሽው መለኪያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ኪሎ። 1500 ኪሎ ጋቢ በአይሱዙ ነው የሚጫነው። የመላኪያውን ሒሳብ በክብደት ካሰብሽው ደንበኛሽ ደንግጦ ይሄዳል። ለ1000 አካፍዪው።

ቅናሽ ያለበት ዕቃ ካለሽ ደግሞ አምዶቹ ይገለባበጣሉ። ሾፒፋይ ላይ «ዋጋ» የሚለው ሰው የሚከፍለው ነው፤ የድሮው ከፍተኛ ዋጋ «ማነጻጸሪያ» በሚለው አምድ ይቀመጣል። ውኮመርስ ላይ መደበኛው ዋጋ ከፍተኛው ነው፤ የሚከፈለው የቅናሽ ዋጋ በሚለው ይገባል። ማነጻጸሪያው ባዶ ከሆነ ቅናሽ የለም፣ ዋጋውን በመደበኛው አድርጊው።


ላሊ ጎዳና (ፍኖተ ሰላም)፦

ለምን ትሰቃያላችሁ? ይሄን የሚያዛውሩ የሚከፈልባቸው ፕለጊኖች (ዎርድፕረስ ላይ የሚጫኑ ተጨማሪ ፕሮግራሞች) አሉ። ሁለቱን ሱቆች ታገናኛለሽ፣ ቡና እስክታፈዪ ያልቃል።


ጣና ዳር፦

ሺህ ዕቃ ቢሆን እኔም እሱን ነበር የምለው። 140 ዕቃ ግን የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ደግሞ ክፍያው ያው በዶላር ነው፤ የአክስቷን ልጅ እንደገና ልታስቸግር? ፕለጊኑ ያለውን እንዳለ ነው የሚያመጣው። ኤስኬዩ የሌለውን ኤስኬዩ አያወጣለትም። የተዘበራረቀ አጻጻፍም አያቃናም።

አጻጻፍ ካልኩ አይቀር፦ እህቴ፣ ምድቦችሽንና አምዶችሽን በፊደል ቅደም ተከተል ደርድሪና ዓይንሽን ጣይባቸው። አንዱ ላይ «ሐር»፣ ሌላው ላይ «ሀር» ካልሽ ሁለት ምድብ ነው የሚፈጠረው። «ዓይነት»፣ «ዐይነት»፣ «አይነት» ለኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ናቸው። «ጥቁር» ከኋላው ባዶ ቦታ ካለውም እንዲሁ። አንዱን መርጠሽ በእሱ ጽኚ።


ላሊ ጎዳና፦

እሺ፣ በዶላሩ ተረታሁ።


የዝሙር ልጅ (ዳንግላ)፦

ስለ ሊንኩ ማንም አላነሳም። ዶሜንሽ (የሱቅሽ የኢንተርኔት አድራሻ) የራስሽ ከሆነና ወደ አዲሱ ካዞርሽው፣ ሰው በቴሌግራም የያዘው የድሮ ሊንክ ሁሉ «ገጹ የለም» ይላል። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። የሾፒፋዩ ሊንክ መሃል ላይ «ፕሮዳክትስ» ይላል። የውኮመርሱ «ፕሮዳክት» ነው፣ ስ የለውም። ሪዳይሬክሽን የሚሠራ ነጻ ፕለጊን ጭነሽ ከድሮው ወደ አዲሱ በ301 («ለዘለቄታው ተዛውሯል» በሚለው ኮድ) አዙሪው። ጎግልም «ቤቱን ለወጠ» ብሎ የሚረዳው በዚህ ቁጥር ነው።

አዲሱን ሊንክ ደግሞ አጭር አድርጊው። ዎርድፕረስ ለሊንኩ ስም የሚሰጠው ቦታ 200 ምልክት ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል ሊንክ ውስጥ ሲገባ በፐርሰንት ምልክት ተተንትኖ 9 ምልክት ይወስዳል። ስለዚህ ከ22 ፊደል በላይ አይይዝም፣ የቀረው ይቆረጣል። «የማርቆስ ጋቢ ባለ አራት ድርብ» 15 ፊደል ስለሆነ ይገባል። ከኋላው ረጅም ነገር ከጨመርሽ ግን የሚለያያቸው ጫፍ ይቆረጥና ሁለት ዕቃዎች አንድ ሊንክ ይሆናሉ፤ አንዱ ላይ 2 ቁጥር ይለጠፍበታል። ብዙ ለሚሸጡት ዕቃዎች በእጅሽ በእንግሊዝኛ ፊደል አጭር ስም ስጫቸው። ቴሌግራም ላይ ስትለጥፊውም ያ የፐርሰንት ሰልፍ ይቀራል።


ነጠላ ከማርቆስ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አንድ ነገር ብቻ፦ አሁን የገባውን እንዴት ላጽዳው? ፎቶዎቹንም አብሬ ላጥፋ?


ጣና ዳር፦

መጀመሪያ ባክአፕ (የሱቁን ሙሉ ቅጂ) ውሰጂ። ከዚያ ዕቃዎቹን በሙሉ መርጠሽ ወደ ቅርጫት፣ ቅርጫቱንም ባዶ። ፎቶዎቹን ግን አትንኪያቸው። ዕቃ ሲጠፋ ፎቶው ሚዲያ በሚባለው የዎርድፕረስ ፎቶ ማከማቻ ውስጥ ይቀራል። ውኮመርስ ደግሞ እያንዳንዱን ፎቶ ሲያወርድ ከየት እንዳመጣው ይመዘግባል። ፋይሉ ላይ ያንኑ አድራሻ ሲያገኝ ያለውን ይጠቀማል፣ ድጋሚ አያወርድም። ኢንተርኔትሽን ታተርፊያለሽ።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ አታስገቢ። አምስት ዕቃ ለይተሽ ሞክሪ፦ አንድ መጠን ያለው፣ አንድ ቅናሽ ያለው፣ አንድ ብዙ ፎቶ ያለው፣ አንድ ማር፣ አንድ ተራ ነጠላ። እነሱ ከተቃኑ ቀሪውን በሠላሳ በሠላሳ ክፈዪው። ሥራው የሚካሄደው በከፈትሽው ገጽ ስለሆነ ገጹ ከተዘጋ ይቆማል። መብራት ቢሄድ እንኳ የሚበላሽብሽ አንዱ ሠላሳ ነው። የአልገባም ዝርዝሩንም በዚህ ጊዜ አንብቢው።


ነጠላ ከማርቆስ (ከአራት ቀን በኋላ)፦

ገባ! አምስቱን መጀመሪያ ሞከርኩ፤ ጋቢው ሦስት መጠን አወጣ። አያ ቀርከሃ እንዳሉኝ ሰረዟን በሙሉ ቀየርኩ፤ 31 ቦታ ነበረች። ምድቦቼን ስደረድር ደግሞ «ሐር»ን በሁለት መንገድ፣ «ዓይነት»ን በሦስት መንገድ ጽፌው ተገኘሁ። እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ኤስኬዩውን እየጠራች ነበር የጻፍነው። የማሩ ላይ ስንደርስ «የገረወይናውና የአደይ አበባው እንዴት አንድ ቁጥር ይሰጠዋል?» ብላ አስለየችኝ። ልክ ነበረች፣ ሾፒፋይ ላይ ሁለቱን አንድ አድርጌ ነበር የምሸጠው።

የማርቆስ ቡልኮ ብቻ ሁለት ጊዜ «አልገባም» አለኝ። ዝርዝሩን ሳነበው ለቡልኮውና ለአንዱ ቀሚስ አንድ ዓይነት ኤስኬዩ ሰጥቻቸው ኖሯል። የኢንተርኔት ክፍያ የሚቀበልልኝን ቻፓንም በፕለጊኑ አገናኝቼዋለሁ። ሾፒፋዩን እስከ ወሩ መጨረሻ አልዘጋውም።


አያ ቀርከሃ፦

ጎበዝ! እንግዲህ ክረምት እየመጣ ነው፣ እንጅባራ ብርዱን ታውቂዋለሽ። ባለ አራት ድርቡን፣ ትልቁን ላኪልኝ። ለመሆኑ አሁን ክብደቱ ስንት ይላል?


ነጠላ ከማርቆስ፦

አንድ ኪሎ ተኩል ነው አያ። አይሱዙ አያስፈልገውም።