ሊኑክስን ሳልጭነው መሞከር ይቻላል? የደንበኛ ፋይል እንዳይጠፋብኝ

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ላፕቶፔ ኤችፒ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 10። የ10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ 11ን ደግሞ ማሽኔ አይቀበልም። ወንድሜ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ነፃ ሲስተም «ሊኑክስ ጫኚበት» እያለ ይወተውተኛል። ግን የስንት ሰው ውልና ማመልከቻ አለበት! ሳልጭን አይቼው መወሰን እችላለሁ? ባትሪው ሞቷል፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ድርግም ይላል።

ጮቄ፦
ትችያለሽ እህቴ። ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ የሊኑክስ ዓይነት አውርጂ፤ ለ4 ጊጋ ራም አይከብድም። ፋይሉ ወደ 3 ጊጋ ስለሚጠጋ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይሻላል። ከዚያ ሩፉስ በሚባለው ፕሮግራም 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጻፊው። ፍላሹን ሰክተሽ ስታበሪ እስኬፕን ደጋግመሽ ተጫኚ፣ ቀጥሎ ኤፍ 9። ፍላሹን ምረጪ። ሲስተሙ ከፍላሹ ይነሳል፤ ዊንዶውስሽ ባለበት ይቀመጣል። መብራት ቢሄድም የሚጠፋው የሙከራው ሥራ ብቻ ነው።

አባይ ማዶ፦
ጮቄ ዋናውን ረሳኸው፤ ሩፉስ ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል! የደንበኛ ፍላሽ እንዳትጠቀሚ። ዴስክቶፑ ላይ «ኢንስቶል» የሚል ምልክት ታያለሽ፤ እሱን አትንኪው። ዲስክሽን ከፍተሽ ፋይል ብታጠፊ ደግሞ የእውነት ይጠፋል፤ ማየት ብቻ። ከመጀመርሽ በፊት ዊንዶውሱን ሺፍት ተጭነሽ ዝጊው፤ አለዚያ በግማሽ ተኝቶ ዲስኩ ላይከፈትልሽ ይችላል።
ከፍላሽ ሲነሳ ይንቀራፈፋል። በዚያ አትፍረጂበት።

የኮፒ ቤት ልጅ፦
እኔም ደብረ ማርቆስ ይህንኑ ሥራ ነው የምሠራው። መልኩን እያየሽ ጊዜ አትፍጂ፤ እንጀራሽን ፈትኚ። ፕሪንተሩን ሰክተሽ አንድ ገጽ አትሚ። ስካነሩን ሞክሪ። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ እዚያ አታገኚውም፤ አይባስ በሚባለው የሊኑክስ መጻፊያ በኩል ነው አማርኛ የሚጻፈው፣ እጅ እስኪለምድ ያናድዳል። በድሮ ፎንት የተጻፈ ፋይል ፎንቱ ከሌለ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል። በዩኒኮድ፣ ማለትም በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው የፊደል አጻጻፍ፣ የተጻፈው ግን ደህና ይነበባል። ሁለት ሦስት የቆየ ውል እዚያ በወርድ ፋንታ ባለው ሊብሬኦፊስ ከፍተሽ ሰንጠረዡ ተንሸራቶ እንደሆነ እዪ። እኔን ያስለቀሰኝ ሰንጠረዥ ነው።

ጸሐፊዋ፦
ትናንት ማታ ሞከርኩት። ፕሪንተሩ ወዲያው አተመ፣ ደንግጬ ሳቅኩ። ስካነሩም ሠራ። ዋይፋዩ ግን የለም። የአማርኛ ፋይሎቼ ግማሾቹ ዝብርቅርቅ ናቸው፣ የድሮ ፎንት ነው መሰለኝ። የጻፍኩት ማመልከቻም ላፕቶፑን ስዘጋው ጠፋ!

ጮቄ፦
ላይቭ (ሳይጫን ከፍላሽ የሚነሳው) እንዲህ ነው፤ ሲዘጋ ሁሉን ይረሳል። ሌላ ፍላሽ ላይ አስቀምጪ። ለዋይፋዩ ስልክሽን በኬብል ሰክተሽ የስልክሽን ኢንተርኔት የሚያጋራውን ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ክፈቺ፣ ከዚያ ዋይፋዩን የሚያሠራውን ፕሮግራም (ድራይቨር) «ድራይቨር ማናጀር» ውስጥ ፈልጊ።

የኮፒ ቤት ልጅ፦
ገና አትጫኚው። መጀመሪያ ፋይሎችሽን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጪ፤ የድሮዎቹን ዊንዶውስ ላይ እያለሽ ወደ ዩኒኮድ ቀይሪያቸው። ስትጭኚም ባትሪ ተውሰሽ ይሁን፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ እንደ ሙከራው አይደለም።

ጸሐፊዋ፦
እሺ። ባትሪው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ፋይል እየቀየርኩ እቆያለሁ። ወንድሜም ይታገሠኝ።