ግለ ወሲብና የአውናን ታሪክ፦ ጥቅሱ ያስኬዳል?

ጥያቄ
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለግቢ ጉባኤ ተማሪዎች ስለ ግለ ወሲብ (ሴጋ ስለሚባለው) ትምህርት እየተዘጋጀ ነው። ዘፍጥረት 38ን ዋና ጥቅስ ማድረግ ያስኬዳል? ሕልመ ሌሊትስ (በእንቅልፍ ላይ ሳይታሰብ የሚፈስ ዘር) አብሮ ይቆጠራል? የካቶሊክንና የፕሮቴስታንትን አቋም የምታውቁም ጨምሩበት።

መልስ 1
አውናን ላይ ባትመሠርቱት ይሻላል። አንድ ተማሪ ምዕራፉን ከላይ ጀምሮ ካነበበው ትምህርቱ እዚያው ይፈርሳል። የይሁዳ የበኩር ልጅ ዔር ልጅ ሳይወልድ ሞተ፤ ይሁዳም ሁለተኛ ልጁን አውናንን የዔርን ሚስት ትዕማርን አግብቶ ለወንድሙ ዘር እንዲያቆም አዘዘው። አውናን ግን ልጁ በእርሱ ስም እንደማይጠራ ስላወቀ ከእርስዋ ጋር በተገናኘ ቁጥር ዘሩን በምድር ያፈስስ ነበር። ድርጊቱ ከሴት ጋር ነው፤ ጥፋቱም በዘዳግም 25 የተደነገገውን የወንድም ግዴታ ማምለጡ።

ጥቅሱ ከግለ ወሲብ ጋር በሰፊው የተጣበቀው በ18ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ነው። የስዊሱ ሐኪም ቲሶ በ1760 እ.ኤ.አ. ዓይንንና የማስታወስ ኃይልን ያደክማል ብሎ ጽፎ ነበር፤ የዛሬ ሕክምና አይቀበለውም። እባካችሁ «ዓይን ያጠፋል» እያላችሁ አታስፈራሩ። ማቴዎስ 5፥28ና 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥3-5 ይበቃሉ፤ ክርክሩ ስለ ምኞትና ስለ ሰውነት ክብር ነው።

መልስ 2
ሕልመ ሌሊት ለብቻው ነው። ዘሌዋውያን 15፥16 ገላን መታጠብና እስከ ማታ መቆየትን ያዛል እንጂ የኃጢአት መሥዋዕት አይጠይቅም። ቅዱስ አትናቴዎስም ለመነኩሴው አሞን በላከው መልእክት ከሰውነት በተፈጥሮ የሚወጣው በራሱ ኃጢአት እንዳልሆነ ጽፏል። በዚያ ቀን አለመቁረብ ለምሥጢሩ ክብር ነው፤ ቅጣት አይደለም። ግለ ወሲብ ግን ሐልዮን (ሐሳብን) አልፎ ገቢር (ድርጊት) ይሆናል፤ ስለዚህ ንስሐ ይገባበታል።

ብዙው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «በሥጋ ፈቃድ ወድቄአለሁ» ብሎ ማለፍ ለንስሐ አባት ምንም አይነግርም። ግብሩ በስሙ ይጠራ፤ በየስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ልማድ መሆን አለመሆኑ፣ የብልግና ምስል መኖሩ፣ ተናዛዡ ያገባ እንደሆነም ይነገር። የምስሉን ዝርዝር መተረክ ግን አያስፈልግም። ሌላው ስሕተት በራስ ላይ 41 ስግደት መጫን ነው። ቀኖና (የንስሐ ቅጣት) የሚሰጠው ንስሐ አባት ነው፤ ደግሞም በበዓለ ሃምሳ ስግደት ስለሌለ የራስ ቆጠራ ይፋለሳል። ራስን ለዓመታት ከቁርባን ማገድም እንዲሁ፤ መቼ እንደሚቆረብ የሚወስነው ካህኑ ነው።

መልስ 3
የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 2352 ድርጊቱን በባሕርዩ ከባድ ሥርዓት የለሽነት ይለዋል። እዚያው ግን የስሜት አለመብሰል፣ የልማድ ኃይልና ጭንቀት የሰውየውን ተጠያቂነት ሊቀንሱ እንደሚችሉ ይጨምራል። ይህን ሁለተኛውን ክፍል ብዙ ሰው አይጠቅሰውም።

ፕሮቴስታንቶች አንድ አቋም የላቸውም። የተሐድሶው መሪ ካልቪን የአውናንን ድርጊት አጥብቆ አውግዟል፤ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያና ወንጌላዊ ጸሐፊ ጄምስ ዶብሰን ደግሞ ጉዳዩ በእግዚአብሔር ዘንድ ያን ያህል ትልቅ አይመስለኝም ብሏል። መሐል ላይ ያሉት ድርጊቱን ከምኞትና ከብልግና ምስል ለይተው ይመዝናሉ። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ያምራል፤ በተግባር ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ።

መልስ 4
በጾም ብቻ አትተማመኑ። እስከ 9 ሰዓት ጾሞ ማታ ጠግቦ ስልክ ይዞ የሚተኛ ሰው ፈተናውን ራሱ አዘጋጅቷል። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። ሥራና እንቅልፍ እስኪያሳጣ ከደረሰ ደግሞ ከንስሐ አባት ጎን የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስፈልጋል።