«ባይሰኖቹ መኪና ለምደዋል» ላለው ሰው

አቤል (ሱ ፎልስ)፦ ትናንት ባይሰን (ጎሽ የሚመስለውን ትልቅ የአሜሪካ የዱር ከብት) ለማየት ደቡብ ዳኮታ ወዳለው ከስተር ስቴት ፓርክ ስለመሄድ ስናወራ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ለጂፕ ጉብኝት መክፈል ገንዘብ መጣል ነው። ባይሰኖቹ መኪና ለምደዋል፤ በራሳችሁ መኪና ጠጋ በሉ።» ይሄን ያህል ሰው ላይክ ማድረጉ በጣም ነው ያናደደኝ። እኔ የምኖረው እዚሁ ደቡብ ዳኮታ ነው። ትልቅ ኮርማ 900 ኪሎ ይደርሳል። በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 እዛው ፓርክ ውስጥ አንዲት ሴት ከሞተር ሳይክል ወርዳ ወደ ጥጃ ተጠጋች። ትልቁ ባይሰን ቀንዱን ቀበቶዋ ላይ ሰክቶ አየር ላይ አወዛወዛት። የተረፈችው ሱሪዋ ስለወለቀ ነው። እና ለምደዋል?

ዳዊት ኦሮራ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። መኪና ለምደዋል አልኩ እንጂ ሰው ለምደዋል አላልኩም። ውረዱም አላልኩም። ዋይልድላይፍ ሉፕ፣ ፓርኩ ውስጥ እንስሳ የሚታይበት መንገድ፣ 18 ማይል አስፋልት ነው። መስኮትህን ዘግተህ ትቀመጣለህ፣ መንጋው በጎንህ ያልፋል። የፓርኩን መግቢያ ከፍዬ፣ አምስት ቤተሰብ ይዤ፣ ለጂፕ ደግሞ ለምን ልክፈል?

ሄለን፦ እኔ ግን በጂፑ ሄጃለሁ። ሐምሌ ላይ ነው፣ ኮርማዎቹ ለሴት የሚጣሉበት ወቅት። ሾፌሩ ከአስፋልት ወጥቶ ሣሩ መሃል ገባና ሞተሩን አጠፋ። ሲያጓሩ ድምፁ ደረትሽ ውስጥ ነው የሚሰማሽ። አንዱ አቧራው ላይ ተንከባለለና ተነስቶ ጭራውን ሽቅብ ቀሰረ። ሾፌሩ አንድ ቃል ሳይናገር ሞተር አስነስቶ ወደ ኋላ ሄደ። ዳዊት፣ ጭራ ሲቀሰር ምን ማለት እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ? የከፈልኩት ለዚህ ነው።

ዳዊት ኦሮራ፦ እኔ ገጠር ነው ያደግኩት። የኮርማ ጠባይ ማንም አያስተምረኝም።

አቤል (ሱ ፎልስ)፦ ባይሰን የአባትህ በሬ አይደለም ወንድሜ።

ዳዊት ኦሮራ፦ አባቴን ከዚህ አውጣው።

የባሌው ልጅ፦ እኔ ደግሞ ከሁለታችሁም አልስማማም። ችግሩ ራሱ ጂፑ ነው። ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ለማየት ከመንገድ የሚወጣ ሾፌር አይቻለሁ። የፍልፈሉን ጉድጓድ በጎማ ይደረምሳል፤ ቀበሮው የሚበላው ያንኑ ፍልፈል ነው። ተው ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ ለምደዋል። አሜሪካ ሲሆን ሣሩ አይረገጥም?

ሄለን፦ እኛ የሄድነው ቀድሞ በተነዳበት ዱካ ነው። ሜዳውን እንደፈለገ አልጋለበበትም።

የባሌው ልጅ፦ ዱካውም እኮ በሆነ ጊዜ ሣር ነበር ሄሉ።

ጋሽ መኮንን፦ ልጆች፣ የዱር የዱር አትበሉ። በየዓመቱ መስከረም ላይ መንጋውን በፈረስና በፒክአፕ ነድተው በረት ያስገቡታል። ይከተባል፣ ጥጃው በጋለ ብረት ምልክት ይደረግበታል፣ የተረፈው በጨረታ ይሸጣል። ይሄ ከብት እርባታ ነው። የዱር ባይሰን ማየት የፈለገ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ይሂድ። እዛ ደግሞ ከ25 ያርድ በታች መቅረብ ክልክል ነው።

አቤል (ሱ ፎልስ)፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይሄን አልቀበልም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሚሊዮን ከሚቆጠረው የቀረው ከሺህ በታች ነበር። ይሄ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1914 ሠላሳ ስድስት ባይሰን ገዝቶ ነው የጀመረው። ዛሬ በጋ ላይ ከ1,300 በላይ ናቸው። አጥር አለ፣ ሣሩ ደግሞ ልክ አለው። ካልተቀነሱ በበረዶው ወቅት በረሃብ ያልቃሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 እሳቱ የፓርኩን ግማሽ ግጦሽ ሲበላው አይተናል። የሎውስቶንም ቢሆን ወደ ሞንታና ሊወጣ ሲል እየተያዘ ለእርድ የሚላክ አለ።

ጋሽ መኮንን፦ አየህ፣ አጥር አለ አልክ። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው።

ሰብለ፦ ስለ አጥር ካነሳችሁ የማንን መሬት እንደታጠረም ተናገሩ። ብላክ ሂልስ፣ ፓርኩ ያለበት ተራራማ አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተፈረመው ውል የነባሮቹ ሕዝቦች የላኮታዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ ያለአግባብ ተወስዷል ብሎ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰነላቸው። አንቀበልም፣ መሬታችንን ነው የምንፈልገው አሉ። ፓርኩ ደግሞ በወጋቸው የጦር መኮንን በከስተር ስም ይጠራል። እኛ ኢትዮጵያውያን የመሬት ነገር ይገባናል ብዬ አስብ ነበር። እናንተ ስለ ጂፕ ዋጋ ትጣላላችሁ።

ዳዊት ኦሮራ፦ ሰብልዬ፣ ትክክል ነሽ። ግን ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ልጆቼን እንስሳ ላሳይ ነው ያልኩት። ደግሞ ያልለመዱ ከሆነ የፓርኩ አህዮችስ? በመስኮት ጭንቅላታቸውን አስገብተው ብስኩት አይበሉም?

ሄለን፦ አህያ እኮ ነው! ድሮ ጎብኚ ወደ ተራራ ጫፍ ያወጡ የነበሩ አህዮች ዘሮች ናቸው። ከባይሰን ጋር ምን አገናኛቸው?

የባሌው ልጅ፦ ብስኩት መስጠትም ልክ አይደለም።

ዳዊት ኦሮራ፦ እሺ፣ አህያውን ተዉት። አንድ ጥያቄ መልሱልኝ። ከመኪናዬ ካልወረድኩ ምን አጠፋሁ?

አቤል (ሱ ፎልስ)፦ እናቲቱ ከመንገዱ በአንድ በኩል፣ ጥጃዋ በሌላ በኩል ሆነው መኪናህን መሃላቸው ታስገባለህ። ከኋላህ ሌሎች መኪኖች ይደረደራሉ፣ ወደ ኋላ መሄጃ የለህም። እሷ የመኪናህ በር አይታያትም፣ የሚታያት ጥጃዋ ነው። የጂፑ ሾፌር ይሄን አይቶ ገና ከሩቅ ይቆማል።

ዳዊት ኦሮራ፦ እኔ መሃላቸው ግቡ አላልኩም።

አቤል (ሱ ፎልስ)፦ «ጠጋ በሉ» ብለሃል። ጽሑፉ እዛው አለ፣ አንብበው።

ዳዊት ኦሮራ፦ ጠጋ ማለትና መሃል መግባት አንድ ነው?