የሞሃውክ አየር መንገድ ስም ለምን ጠፋ?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ስለ አሜሪካ የአካባቢ አየር መንገዶች ሳነብ የሞሃውክ ነገር አልገባ ብሎኛል። እ.ኤ.አ. በ1945 ኢታካ በተባለች የኒውዮርክ ግዛት ትንሽ ከተማ በሮቢንሰን ስም ተመሥርቶ፣ በ1952 ሞሃውክ ተብሎ፣ በ1965 ከአቻዎቹ ሁሉ ቀድሞ ጄት ያበረረ ድርጅት በሰባት ዓመት ውስጥ እንዴት ሊከስም ቻለ? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የመጀመሪያ መልስ፦
መልሱን ከዚያው ከጄቱ መፈለግ ይገባል ብዬ አምናለሁ። የአካባቢ አየር መንገዶች የተፈቀዱት ትናንሽ ከተሞችን ከትልልቆቹ ጋር እንዲያገናኙ ነበር፤ መስመራቸውንና የቲኬታቸውን ዋጋ የሚወስነው የፌዴራሉ የሲቪል ኤሮኖቲክስ ቦርድ ሲሆን፣ ገቢያቸው ወጪያቸውን ስለማይሸፍን ድጎማም ይሰጣቸው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሮበርት ፒች ግን ዘመናዊ አውሮፕላን ወዳድ ስለነበር፣ ከእንግሊዝ ቢኤሲ ዋን ኢለቨን ጄቶችን በብድር አስመጣ። ጄት ነዳጅ የሚቆጥበው ከፍታ ላይ ነው፤ በአጭር መስመር ግን ከፍታውን ይዞ ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል። በዚህ ላይ በ1970 መጨረሻ አብራሪዎቹ አድማ መቱና አውሮፕላኖቹ ለአምስት ወራት ገደማ ቆሙ፤ የዕዳው ወለድ ግን አንድም ቀን አልቆመም። በ1972 አሌጌኒ አየር መንገድ ጠቀለለው፤ አሌጌኒም በ1979 ስሙን ቀይሮ ዩኤስኤር ተባለ።

ሁለተኛ መልስ፦
ስለ ዕዳው የተባለው ትክክል ነው፤ ሆኖም ሞሃውክ በኪሳራው ብቻ ሲነሣ ቅር ይለኛል። የካቲት ወር 1958፣ በእነሱው አቆጣጠር በ11ኛው ቀን፣ ሩት ካሮል ቴይለር የተባለች ነርስ ከኢታካ ወደ ኒውዮርክ በሚበር የሞሃውክ አውሮፕላን ላይ ሥራዋን ስትጀምር፣ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ጥቁር የበረራ አስተናጋጅ ሆነች። ሌሎች ኩባንያዎች በራቸውን በዘጉበት ጊዜ የተደረገ ነውና ሊከበር ይገባል። ስድስት ወር ገደማ እንደሠራች ግን፣ ያገባች ሴት በአስተናጋጅነት አትቀጥልም በሚለው ደንብ ምክንያት ሥራዋን ለቀቀች፤ ይህ ደንብ በጊዜው የሞሃውክ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቹ አየር መንገዶች ነበር።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ስለ እርሷ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከጄቱ በፊት የነበሩት ዲሲ-3 አውሮፕላኖችስ ምን ሆኑ?

የመጀመሪያ መልስ፦
በ1960 የተወሰኑት ውስጣቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሳሎን አምሳል ተሸልሞ፣ ቢራና ሲጋራ እየቀረበ፣ ወንዶችን ብቻ ያሳፍሩ ነበር። ዲሲ-3 የኛም አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ካይሮ የበረረበት፣ ለጦር ሠራዊት የተሠራው የሲ-47 ወንድም ነው።